ባሩዱ ስላነሰ አደጋው አያንስም፦ ቀለህን መልሶ ስለ መሙላትና ስለ ጥንቃቄው

መግቢያ

በገጠሩ ያገራችን ክፍል ጠመንጃ ከቤት ዕቃ ሁሉ የተከበረ፣ ጥይትም እንደ ዘር እህል የሚቆጠብ ነገር ሆኖ ረዥም ዘመን ኖሯል። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ናስ፣ ይኸውም ቀለህ የሚባለው፣ እንደ ውዳቂ አይታይም ነበር። ተለቅሞና ታጥቦ፣ እንደ ገና ባሩድና አረር ተጨምሮበት ወደ ዝናር ይመለስ ነበር። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ባሩዱን ከመጀመሪያው መጠን ያሳንሱታል። ምክንያታቸውም ሁለት ነው፤ አንደኛው ባሩድ ለመቆጠብ፣ ሁለተኛው ያረጀው ጠመንጃ እንዳይጎዳ ለመጠንቀቅ ነው።

እኛም በግልገል በለስና በአካባቢዋ ከሚኖሩ አዛውንቶች ጋር ስለ ድሮ ጠመንጃዎች በተወያየን ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ደጋግመን ሰማን። «ብዙ ባሩድ ያፈነዳል፣ ትንሽ ባሩድ ግን ማንን ይጎዳል?» የሚል ነው። አነጋገሩ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከጥይት መሙላት ጋር የደረሱትን አደጋዎች ስንመረምር ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። ባሩዱን ማሳነስ አንዱን አደጋ ሲያርቅ ሌሎችን አደጋዎች ያመጣልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚያ አደጋዎች ምን እንደ ሆኑ፣ ከየት እንደሚመጡና በምን እንደሚጠበቁ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ግልገል በለስ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ናት። መተከል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው የሞተበትና የተፈናቀለበት አገር ስለ ሆነ፣ ስለ ጥይት የሚጻፍ ነገር ሁሉ በጥንቃቄ መጻፍ ይኖርበታል። ስለዚህ የባሩድ አሠራርን ወይም የመሙያ መጠንን የሚያስተምር ነገር ከዚህ ጽሑፍ አናገባም። የምንጽፈው አንድ ሰው ዓይኑን ወይም እጁን እንዳያጣ ማወቅ የሚገባውን ነው።

1. ቀለህ በአገራችን

በቀለህ የሚተኮስ ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት መግባት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ድል በሆነ ጊዜ ብዙ የሬሚንግተን ጠመንጃ ከነጥይቱ ባጤ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት እጅ ገባ። ከዚያም በኋላ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት የግራ ጠመንጃ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል በብዛት ገባ። ሕዝባችን የዚህን ጠመንጃ የፈረንሳይኛ ስም፣ «ፉዚ ግራ» የሚለውን፣ በአፉ አለስልሶ «ውጅግራ» አለው። እንዲሁም ስናይደር «ሰናድር»፣ ለቤል «ለበን»፣ ማንሊኸር «ምንሽር» ተባሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ለመሙላት እጅግ የሚመቸው ውጅግራ ነበር። ቀለሁ ትልቅና ወፍራም ናስ ነው፤ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ያህል ክብደት ያለው ልባስ የሌለው እርሳስ ነው፤ ባሩዱም ጥቁሩ ባሩድ ሲሆን ከፋብሪካ ሲወጣ 5 ግራም ከሩብ ያህል ይይዝ ነበር። እርሳስ በምድጃ እሳት ይቀልጣል፣ ጥቁር ባሩድም ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል ባገር ውስጥ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ባለ ውጅግራው ከውጭ ማስመጣት የሚቸግረው በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውን እሳት ጫሪ ቆብ፣ ካፕሱል የምትባለውን ብቻ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአንዳንድ ገበያዎች፣ ይልቁንም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ይዘዋወር ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ አርበኛው ከጠላት ከሚማርከው በቀር ሌላ የረባ የጥይት ምንጭ ስላልነበረው እያንዳንዱ ቀለህ ዋጋ ነበረው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ጠረፍ ተነሥተው ወደ በላያ ተራራ ሲገሠግሡ ያለፉት በዚሁ በመተከል በረሃ ነው። ጥይቱንና ስንቁን የተሸከሙት በሺ የሚቆጠሩ ግመሎችም አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ጥይት ወደዚያ አገር ለማድረስ ምን ያህል ድካም ይጠይቅ እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ቀለህ የመቆጠብ ልማድ ከስስት ሳይሆን ከችግር የመጣ ነው።

2. ጥይት ሲተኮስ ምን ይሆናል?

አደጋውን ለመረዳት አስቀድሞ ሥራውን መረዳት ያስፈልጋል። ቃታው ሲሳብ መርፌው ካፕሱሏን ይመታታል፤ ከእርሷ የሚወጣው ነበልባል ባሩዱን ይለኩሰዋል፤ ባሩዱም ተቃጥሎ ወደ ትኩስ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ በጠባብ ቦታ ስለ ታፈነ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ አረሩንም በአፈሙዙ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። አፈሙዝ ስንል በዚህ ጽሑፍ አረሩ የሚያልፍበትን ቧንቧ በሙሉ ማለታችን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የቦይል ሕግ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ የጋዝ ቦታ በግማሽ ሲጠብ ግፊቱ በእጥፍ ያድጋል ይላል። በጥይት ውስጥ ሙቀቱም ስለሚለወጥ ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው፤ ሆኖም መሠረቱን ለማስተዋል ይህ ይበቃናል። ግፊቱን የሚወስነው የባሩዱ ብዛት ብቻ አይደለም። የቦታው ስፋት፣ የአረሩ ክብደትና ጥብቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባሩዱ ዓይነት ይወስኑታል።

የባሩድ ዓይነት ሁለት ነው። ጥቁሩ ባሩድ የጥንቱ ነው፤ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ፖል ቪዬ የተባለው የፈረንሳይ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 የፈለሰፈው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ይህኛው ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ በእኩል ክብደት ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። እንዲሁም አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ግፊቱ ሲጨምር የመቃጠል ፍጥነቱም ይጨምራል። ግፊት ፍጥነትን ይወልዳል፣ ፍጥነትም መልሶ ግፊትን ይወልዳል። ባሩዱን በግምት የሚያሳንስ ሰው የሚሳሳተው ይህን ጠባይ ካለማወቅ ነው።

3. ኃይሉ የተቀነሰ ጥይት በራሱ ስሕተት አይደለም

አንባቢ እንዳይሳሳት ይህን መግለጽ ይገባናል። ኃይሉ የተቀነሰ ጥይት በሌላው ዓለም በሠራዊትም በተኳሽ ማኅበራትም የታወቀ ነገር ነው። ጀማሪ ተኳሽ ትከሻው ሳይመታ እንዲለማመድ፣ የቆየ ጠመንጃ እንዲጠበቅ፣ ወይም ትንሽ አውሬ ሳይበጣጠስ እንዲታደን ይጠቅማል።

ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1873 የያዘው የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ነው። እግረኛው ወታደር የሚተኩሰው ጥይት 70 ግሬን፣ ይኸውም 4 ግራም ተኩል ያህል ጥቁር ባሩድ ነበረው። ፈረሰኛው ግን አጭርና ቀላል ጠመንጃ ስለሚይዝ በዚያው ቀለህ ውስጥ 55 ግሬን ብቻ፣ ይኸውም 3 ግራም ከግማሽ ያህል ይሰጠው ነበር። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው የባሩዱ ማነስ ሳይሆን የተደረገው ጥንቃቄ ነው። ባሩዱ ሲያንስ በቀለሁ ውስጥ የሚተርፈው ባዶ ቦታ እንዲሁ አልተተወም፤ በመሙያ ተደፍኖ ነበር። መጠኑም አስቀድሞ ተፈትኖና ተመዝኖ የተወሰነ ነበር። ስለዚህ በተፈተነ ማነስና በተገመተ ማነስ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

4. ከማነስ የሚመጡ አምስት አደጋዎች

አንደኛ፦ አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ መቅረቱ። ባሩዱ እጅግ ሲያንስ ግፊቱ አረሩን ጥቂት አስኪዶ ይደክምና አረሩ በመካከል ይሰነቀራል። ተኳሹ የሚሰማው ደካማ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ «ከሸፈ» ብሎ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ሁለተኛው አረር ከፊተኛው ጋር ሲጋጭ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚህ አደጋ የሚያደርሰው ያነሰው ባሩድ እንጂ የበዛው አይደለም። ናስ ወይም መዳብ የለበሰ አረር ከእርሳሱ አረር ይልቅ የአፈሙዙን ጥርስ አጥብቆ ስለሚይዝ ለመሰንቀር ይበልጥ ቅርብ ነው።

ሁለተኛ፦ እጥፍ መሙላት። ሙሉው መጠን ቀለሁን እስከ አንገቱ የሚሞላ ከሆነ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨምሩ ይፈስና ይታወቃል። የተቀነሰው መጠን ግን የቀለሁን ሩብ ወይም ሲሶ ብቻ ስለሚይዝ ሁለት ጊዜ ቢጨመርም ቀለሁ አይሞላም። ሰው በሥራ መካከል ለአፍታ ተጠርቶ ቢሄድና ሲመለስ የሞላውን ቀለህ ያልሞላ መስሎት ቢደግመው በውጭ በኩል ምንም ምልክት አይታይም። ለመቆጠብ የተጀመረው ሥራ በዚህ መንገድ ከሙሉው መጠን የሚበልጥ ጥይት ሊያወጣ ይችላል።

ሦስተኛ፦ በጥቁር ባሩድና በአረሩ መካከል ባዶ ቦታ መተው። ጥቁር ባሩድ ከአረሩ ቂጥ ጋር ተጠጋግቶ መቀመጥ አለበት። ክፍተት ካለ የሚቃጠለው ጋዝ በክፍተቱ ውስጥ ተወርውሮ የቆመውን አረር እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ በዚያም ቦታ አፈሙዙ ቀለበት ሠርቶ ሊያብጥ ይችላል። የአሜሪካው ፈረሰኛ ጥይት በመሙያ የተደፈነበትን ምክንያት አንባቢ አሁን ያስተውለዋል።

አራተኛ፦ ቀስ ብሎ የሚቃጠለውን ጭስ አልባ ባሩድ ማሳነስ። ጭስ አልባ ባሩድ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ ፈጥኖ ለትንሽ ጥይት፣ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ለትልቅ ቀለህ እንዲቃጠል ተደርጎ ይሠራል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በትልቅ ቀለህ ውስጥ ከመጠኑ በታች ሲደረግ ጠመንጃ የሰበረበት ጊዜ አለ። ስለ ምክንያቱ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ባሩዱ በቀለሁ ርዝመት ተኝቶ ነበልባሉ ገጹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚለኩሰው ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በመጀመሪያው ደካማ ግፊት አረሩ ጥቂት ሄዶ ይቆምና ለተከታዩ ግፊት እንደ ውታፍ ይሆንበታል ይላሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ የባሩድ ፋብሪካዎች ለእንዲህ ያለው ባሩድ ከዚህ መጠን አታሳንሱ ብለው ዝቅተኛ ወሰን ያስቀምጣሉ። ከፍተኛ ወሰን እንዳለ ሁሉ ዝቅተኛ ወሰንም አለ።

አምስተኛ፦ ባሩድን ከማይስማማው ጠመንጃ ጋር ማገናኘት። ከአምስቱ ለአገራችን ይልቁን የሚያሰጋው ይህ ነው። በዛሬ ጊዜ በገጠር የሚገኘው ጥይት ጭስ አልባ ባሩድ የያዘው ነው። አንድ ሰው የዛሬውን ጥይት አፍርሶ ባሩዱን ወደ አያቱ ውጅግራ ቀለህ ቢገለብጥ፣ በስፍር አነስተኛ ቢመስለውም፣ ለጥቁር ባሩድ ግፊት ብቻ በተሠራ አሮጌ ብረት ላይ የማይችለውን ጭነት ይጭንበታል። አዛውንቶቹ እንደ ነገሩን በድሮ ጊዜ ባሩድ የሚሰፈረው በቀንድ ቁራጭ ወይም በተቆረጠ ቀለህ ነበር። ያ ስፍር ለጥቁሩ ባሩድ ያገለግል ይሆናል። ለጭስ አልባው ግን የሞት ስፍር ነው፤ ሁለቱ በስፍር ቢተካከሉም በኃይል አይተካከሉምና።

5. ስለ ቀለሁ ጤንነት

ባሩዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ቀለሁ ከታመመ ጥይቱ ታሟል። ናስ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ ወደ መጀመሪያው ልክ በተመለሰ ቁጥርም ይደርቃል። በአንገቱ የተሰነጠቀ፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት የታየበት፣ ወይም ካፕሱሏ የምትገባበት ቀዳዳ የላላ ቀለህ መጣል አለበት። ቂጡ ቢለያይ ትኩሱ ጋዝ ወደ ኋላ፣ ማለት ወደ ተኳሹ ዓይን ይመጣልና።

ከዚህ ላይ ለገጠር ቤት የሚጠቅም አንድ ታሪክ አለ። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን በክረምት ወራት በፈረስ ጋጣ የተቀመጡ ጥይቶች ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ነገሩ ብዙ ጊዜ ካስቸገረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ ምርመራ ምክንያቱን ገለጠው፤ ከፈረስ ሽንት የሚነሣው አሞንያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ የደረቀውን ናስ ይሰነጥቀዋል። ከብትና ሰው ባንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ቤት፣ ከጋጣው በላይ በግድግዳ የተሰቀለ ዝናር በዚሁ መንገድ ሊጎዳ እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ስለዚህ ከብት ባለበት ቤት ለዓመታት የተንጠለጠለ ጥይት በውጭ ሲታይ ደህና ቢመስልም አይታመንም።

6. የጥንቃቄ ደንቦች

ይህን ሥራ በሕግ ተፈቅዶላቸው የሚሠሩ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር የሚጠብቋቸው ደንቦች በመሠረቱ አንድ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን እንዘረዝራለን።

ሀ) ስሙ በፋብሪካው ዕቃ ላይ ያልተጻፈ ባሩድ አይነካም። በቀለሙና በፍሬው መልክ ባሩድን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሁለት ዓይነት ባሩድም ከቶ አይደባለቅም።

ለ) መጠኑ ፋብሪካው ፈትኖ ከጻፈው ሠንጠረዥ ይወሰዳል እንጂ ከጓደኛ ወሬ ወይም ከግምት አይወሰድም። ከተጻፈው ዝቅተኛ ወሰን በታችም አይወረድም።

ሐ) ጭስ አልባ ባሩድ በሚዛን ይመዘናል እንጂ በእጅ ስፍር አይሰፈርም።

መ) ባንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ በገበታው ላይ ይቀመጣል። የተሞሉት ቀለሆች ባንድ ወገን፣ ያልተሞሉት አፋቸው ተደፍቶ በሌላ ወገን ይደረደራሉ። አረሩ ከመግባቱ በፊት ሁሉም በረድፍ ቆመው በመብራት ውስጣቸው ይታያል፤ የባሩዱ ከፍታ ከሌሎቹ የተለየ ቢገኝ ይገለበጥና እንደ ገና ይመዘናል። እጥፍ መሙላትን የሚያስቀረው ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው።

ሠ) ሥራው ከምድጃ፣ ከኩራዝና ከሲጋራ ርቆ፣ ጫወታና መጠጥ በሌለበት ይሠራል። ካፕሱል ከባሩድ ተለይቶ በራሱ ዕቃ ይቀመጣል። ካፕሱልን በቤት ውስጥ ለመሥራት ወይም የተተኮሰውን ለማደስ መሞከር ጣት የሚያስቆርጥ ሥራ ስለ ሆነ ከቶ አይገባም።

ረ) እርሳስ መርዝ ነው። በሚቀልጥበት ጊዜ አየር በሚዘዋወርበት ደጅ ይቀለጣል፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ብትገባበት ፈንጥቆ ስለሚያቃጥል ከውሃ ይራቃል። የምግብ ድስት ለዚህ አይውልም። ሥራው ሲያልቅ እጅ ይታጠባል፣ ሕፃናትም አይቀርቡም።

ሰ) በተኩስ ጊዜ ድምፁ የደከመ፣ ወይም ሰደፉ ትከሻን ያልመታ እንደ ሆነ ተኩሱ ወዲያው ይቆማል። ጠመንጃው ወደ ኢላማው እንደ ዞረ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ የዘገየ እሳት ይኖራልና። ከዚያም የኋላ መዝጊያው ይከፈታል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ አፈሙዙም ከዳር እስከ ዳር ክፍት መሆኑ በወልዋይ ዘንግ ይረጋገጣል። ይህ ሳይደረግ ሁለተኛ ጥይት አይጎርስም።

7. ሕጉና ማሳሰቢያ

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለ መሣሪያና ስለ ጥይት ወስኗል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወይም ጥይት መሥራት፣ መያዝና መነገድ ክልክል ነው። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርናቸው ደንቦች በገጠር ቤት ቀለህ ለሚሞላ ሰው ፈቃድ አይሰጡትም። ይልቁንም ሚዛን፣ ሠንጠረዥ፣ የታወቀ ባሩድና ጤነኛ ቀለህ በሌሉበት ሥራው ከቶ ሊሠራ እንደማይገባ ያስረዳሉ። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሦስቱ ሰውን አያድኑም። አሮጌ ጥይት፣ የተበታተነ ባሩድ ወይም ካፕሱል በቤቱ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ለፖሊስ ማስታወቁ ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራን ሁለት አሳቦች እናቀርባለን። የመጀመሪያው፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት በገጠር ወጣት ሕይወት ከሚያጋጥም ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ቢገናኝ ትምህርቱም ይገባል፣ አደጋውም ይቀንሳል። የቦይል ሕግን በብልቃጥ ብቻ የተማረ ልጅ አባቱ ቀለህ ሲሞላ ቢያይ የሚናገረው ነገር የለውም። ሁለተኛው፣ በመተከል የሚኖሩት የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአገው፣ የአማራና የኦሮሞ አዛውንቶች ስለ ድሮው ጠመንጃ፣ ስለ ስሞቹና ስለ አያያዙ የሚያውቁት ነገር ሳይጠፋ ቢጻፍ ለታሪክ ይጠቅማል። እነርሱ በችግር ዘመን የተማሩት ቁጠባ የሚከበር ነው፤ ቁጠባውን ከአደጋው መለየት ግን የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው። «ትንሽ ባሩድ ማንን ይጎዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ያልተመዘነ ባሩድ፣ ቢበዛም ቢያንስም፣ ተኳሹን ይጎዳል።